አባ ፔጋሰስ

ባለፈው ሐሙስ አምቦ ገበያው ጫፍ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ አንዷ መጥታ ከፊቴ ቆመች። ጀርባዋ ላይ ክንፍ ያለው ነጭ ፈረስ ተለጥፏል። "የፈረሱ ስም ማን ነው?" አልኩት ሹፌሩን። "ስም አለው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን በዚያ ስም የተነሳ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ጎረቤታችን ኦቦ ፈይሳ በፈረስ ጋሪ ከምንጭ ውሃ እያመጡ ለሰፈሩ የሚያከፋፍሉ ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ባዶ ጀሪካኖቹ መሃል አስቀምጠው ትምህርት ቤት በር ያደርሱኛል። እኔም ከቤት የያዝኩትን የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እያካፈልኳቸው፣ ጭቃው ከጎማው ሥር እየተፈናጠረብን፣ ስለ ትምህርቴ እለፈልፋለሁ።

በእኛ አገር የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አባ እንትና እየተባለ። የኦቦ ፈይሳ አባት የፈረስ ስም ነበራቸው። እሳቸው የላቸውም፤ ለጋሪ ፈረስ ማን የማዕረግ ስም ያወጣል? ጥር ላይ ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ዘፋኙ በምን ስም እንደሚያወድሳቸው ጨንቋቸዋል። እንግሊዝኛ መጽሐፌ ላይ ያየሁትን ባለክንፍ ፈረስ አነሳሁላቸው፤ ፔጋሰስ ይባላል አልኩ።

"ማል ጄቹዳ? ትርጉሙ ምንድነው?" አሉኝ።

አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። "ጠላት አርበድባጅ ማለት ነው" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፈረሳቸውን ትክ ብለው አዩት። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ አባ ፔጋሰስ ይላቸው ጀመር።

ቤታችን ጸሎተኛ ነው፤ ውሸቱ ውስጤን አንገበገበኝ። በመጨረሻ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገለጥኩ። ስሙ የመጣው ከግሪክ ነው። ጥንታውያኑ "ምንጭ" ከሚለው ቃላቸው ጋር ያያይዙታል፤ ፈረሱ መሬቱን በኮቴው ቢመታው ውሃ ፈለቀ ይላሉ። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ የቆየ የመብረቅ አምላክ ስም ነው ብለው ይከራከራሉ። ጠላት የሚባል ነገር የትም የለም።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነገርኳቸው። ፈረሱን እያጠጡ ነበር፤ ባልዲውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ። በማግስቱ ጋሪው ቤታችንን አልፎ ሄደ፤ እያለቀስኩ በእግሬ ሄድኩ። እኒያን ደግ ሰው ሕዝብ ፊት የምታዋርዳቸው የእኔ ምላስ ነበረች።

የሰርጉ ዕለት ዘፋኙ "አባ ፔጋሰስ፣ ጠላት አርበድባጅ!" ሲል ኦቦ ፈይሳ ብድግ ብለው እጃቸውን አነሱ። ወደ እኔም ዞሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የነገርሽኝን ለሰው ንገሪ" አሉኝ።

"ዋሽቼ ነው። ውሃ ያፈለቀ ፈረስ ነው" አልኩ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ያኔ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከጥግ ተነሱና "ምኑ ያስቃል? የፈይሳን ውሃ ያልጠጣ እስቲ እጁን ያውጣ!" አሉ። እጁን ያወጣ የለም። እልልታው ቀለጠ። ኦቦ ፈይሳ የሳቁት ያኔ ነው። ሰኞ ጠዋት ጋሪው ደጃችን ቆሞ ጠበቀኝ።

እሳቸው ካረፉ፣ ሰፈራችን ቧንቧ ከገባም ቆየ።

"ማዘር፣ ትርጉሙስ ምንድነው?" አለኝ የባጃጁ ሹፌር፣ ስወርድ የፈረሱን ስም ብነግረው።

የሊቃውንቱን ክርክር ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "ሰፈራችንን ውሃ ያጠጣ ሰው ስም ነው" አልኩት። በዚህኛው አልዋሸሁም።