የልጄ ወባና እኔ ያስቆፈርኩት ኩሬ

መጀመሪያ የታየው ምልክት ብርድ ነበር። ቡታጅራ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ ሳምራዊት የአባቷን ጃኬት ደርባ ዥዋዥዌዋ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ በረደኝ» አለችኝ። ግንባሯን ስነካው ይፋጃል። ከሰዓት በኋላ አስመለሳት።

የመስቀል ሰሞን ጉራጌ ቤት ለታመመ ሰው ሰበብ አይጠፋም። «ክትፎው በዝቶባት ነው» አልኩ። ዝንጅብል አፍልቼ፣ ፓራሲታሞል ሰጥቼ አስተኛኋት። ማታ በላብ ተጠምቃ ትኩሳቱ ሲለቃት ደግሞ «አላልኳችሁም?» ብዬ በቤተሰቡ ፊት ተኩራራሁ። በማግስቱ ትኩሳቱ ሲመለስም ያንኑ ክትፎ ወነጀልኩ። ይህን የምጽፈው ልጃችሁ አልጋ ላይ ተኝታባችሁ እንደኔ ሰበብ እየፈለጋችሁ ከሆነ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ግን ከትኩሳቱ በፊት ነው። ባለቤቴ ተክሌ መርካቶ ነው የሚነግደው፤ ዓመቱን እዚያ ከርሞ ለመስቀል ዘመዶቹን አስከትሎ ይገባል። አምና ለዚያ ቀን ግቢያችንን ዘመናዊ ላደርገው ቆርጬ ተነሳሁ። ዲዛይኑን ስልኬ ላይ ካየኋቸው ቪዲዮዎች እየቃረምኩ ራሴ አወጣሁት። ለአማቴ ፀሐይ የምትሞቅበት የድንጋይ መቀመጫ፣ ለሳምራዊት ዥዋዥዌ፣ ለጓዳው የጎመንና የጤና አዳም መደብ፣ እንሰቱ ደግሞ ከኋላ እንደ አጥር። ከቤተሰቡ የተረሳ ሰው አልነበረም። መሃል ላይ ግን በሲሚንቶ የተለሰነ ኩሬ ከነፏፏቴው አሠራሁ። እሱ የኔ ነበር። ሰው አይቶ «የሷ ግቢ እኮ!» እንዲልልኝ ነው።

ጳጉሜን ላይ የፏፏቴው ሞተር ተቃጠለና ውኃው ባለበት ቆመ። የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ዘይነባ ቤት ለቤት ስትዞር እኛም ዘንድ ገባች፤ ኩሬው ላይ ጎንበስ ብላ አየች።

«እህቴ፣ ይሄን ውኃ አፍስሺው። ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይገባል። ይኸው፣ የትንኝ እጭ ይታያል።»

«ከመስቀል በኋላ! በማርያም ስልሽ።»

«ኧረ ቢያንስ ኢንሻላህ በይ!» ብላ እየሳቀች ወጣች።

ደረቅ ጉድጓድ ለእንግዳ ማሳየት አሳፍሮኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንግዶቹ ሲመጡም እንደ ወጉ አልጋውን ከነአጎበሩ ለቀቅንላቸው። እንግዳ መሬት ላይ አይተኛማ! ልጄን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ፣ ያለ አጎበር አስተኛኋት። ትኩሳቱ የጀመራት እንግዶቹ አሥር ቀን ያህል ሰንብተው በሸኘናቸው ማግስት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠራኋት። አልመለሰችም። ዓይኗ ተከፍቷል። አያይም። ከዚያ ተንቀጠቀጠች። ጥርሷ ገጠመ። ተክሌ አቅፏት ሮጠ። ባጃጅ ውስጥ ስሟን እየደጋገምኩ ጠራሁ። ምንም።

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሙ «ትኩሳቱ መቼ ነው የጀመራት?» አለኝ።

«ትናንት» አልኩ።

ዋሸሁ። ልጄ እየሞተች፣ ሰነፍ እናት እንዳልባል ዋሸሁ። ተክሌ አየኝና «ከትናንት ወዲያ ነው፣ ዶክተር» አለ ቀስ ብሎ።

ደም ወሰዱ። ውጤቱ ቶሎ መጣ።

«ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ነው። ወደ አንጎሏ ደርሷል፤ ሴሬብራል ማላሪያ እንለዋለን። የደም ስኳሯም ወርዷል።»

ግሉኮስ ሰጧት። አርቴሱኔት የሚባለውን የወባ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። ሄሞግሎቢኗ በጣም ስለወረደ ደም አስፈለጋት። የኔ አልገጠመም። የአባቷ ገጠመ።

«ትነቃለች?» አልኩ።

«መድኃኒቱን ጀምረናል። አሁን ልነግርሽ የምችለው ይሄን ብቻ ነው።»

ቆይቶ በአካባቢያችን የቆመ ውኃ እንዳለ ጠየቀኝ። ያኔ አልዋሸሁም። «ግቢዬ ውስጥ አለ። ከሱ ነው የያዛት?» አልኩት። «ከዚያ ይሁን ከሌላ ቦታ ማወቅ አይቻልም። ውኃው ግን ዛሬውኑ ይድረቅ» አለኝ። ማወቅ አይቻልም ያለኝ ሊያጽናናኝ ነው። አላጽናናኝም።

ነቃች። መጀመሪያ ውኃ ጠየቀች፤ ቀጥሎ አባቷን ለየች፤ እኔን ለመለየት ግን ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፣ ያቺን ትንሽ ጊዜ እስካሁን አልረሳኋትም። መርፌው አብቅቶ የሚዋጠውን ኮአርተም ጀምራ ስትጨርስ ወደ ቤት ተመለስን፤ እግሯ እስኪጸና ግድግዳ እየያዘች፣ ቃላት ሲጠፏት በጣቷ እያመለከተች፣ አያቷ በማንኪያ የምታጎርሳትን አጥሚት እየተነጫነጨች እየዋጠች፣ ቀስ በቀስ ያቺ ለፍላፊ ልጄ ተመልሳ መጣች። ተክሌ ከኛ ቀድሞ ኩሬውን አፍርሶ አፈር ሞልቶት ነበር። አንድም ቃል አልተናገረኝም። አማቴም አላነሳችብኝም። ቢጮሁብኝ በወደድኩ ነበር።

ዘይነባ ልትጠይቃት ስትመጣ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ልጅሽ ተርፋልሻለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላውን ተይው» ብላ ቀና አደረገችኝ። እሷን፣ ያን ሐኪምና ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዋ ያልራቁትን ነርሶች እግዜር ይስጥልኝ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው። የወባ ትኩሳት ለቀቅ ቢያደርግም ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ ላብ አያታልላችሁ። ትኩሳቱ በጀመረበት ቀን የልጃችሁን ደም አስመርምሩ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ቀኑን አትሸሽጉ። አጎበሩ ለልጅ ነው፤ እንግዳ ይቅር ይላል።

አንድ ሌላም አለ፤ እሱን ማንም አልነገረኝም። በቤታችን ስለ ኩሬው ዝም ስንል ልጅቷም የረሳችው መስሎኝ ነበር። አንድ እሑድ ፀጉሯን ስሠራት፣

«እማዬ፣ ኩሬው የፈረሰው እኔ ስለታመምኩ ነው አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አትግቢ ብለሽኝ እግሬን ከትቼበት ነበር። ሁለተኛ አላደርግም። ለአባዬ ንገሪውና መልሶ ይሥራልሽ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱን ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች! ወደኔ አዞርኳት። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ዘይነባ ውኃውን አፍስሺ ስትለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«ለምን እምቢ አልሽ?»

«እንግዶቹ እንዲያዩት።»

«እነሱ እኮ ቤት ውስጥ ሲበሉ ነበር፣ እማዬ። ማንም አላየውም።»