የኮምፒውተሩ ማኅደር

ጥቅሉ ሳይፈታ ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ከጋይንት የመጣው አውቶቡስ ረዳት ከጣሪያው ላይ አውርዶ ሲያቀብለኝ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ፣ እንደ ትልቅነቱ የማይከብድ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ይትባረክ በስልክ «የአባዬን ጓዳ ስናፈርስ ያገኘሁት ነው፤ ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ላንቺ ነው የሚሆን» ብሎኝ ስለነበር ልብስ ወይም አሮጌ ዳዊት ይሆናል ብዬ ነው የጠበቅሁት። ደብረ ታቦር መናኸሪያ መሀል ቆሜ ጥቅሉን ደረቴ ላይ ሳስጠጋው ግን የለፋ የፍየል ቆዳ ሸተተኝ፤ ከሱ ሥር ደግሞ፣ ደከም ብሎ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ። ሁለቱን ሽታ አንድ ላይ የያዘ ዕቃ በሕይወቴ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። መንገደኛው እየገፋኝ ሲያልፍ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ።

እዚህ ከተማ የማስተምረው የኮምፒውተር ጥገና ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ስቀበል፣ ገና ብሎን መፍቻ ሳያነሱ፣ አንድ በአንድ እየጠራሁ መዳፋቸውን ወደሚሠራ ማሽን ጀርባ እንዲያስጠጉ አደርጋለሁ። ሞቃቱ አየር ሲነካቸው ፈገግ ይላሉ። «ትንፋሹ ነው» እላቸዋለሁ፤ «ይህን የዘጋበት ሰው ገደለው ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ሌላው እናልፋለን፤ ሳይነቅሉ አለመክፈት፣ በእርጥብ እጅ አለመንካት፣ የመሬት መስመር በሌለበት ቤት አለመትከል። ከመጽሐፍ ያወጣሁት ይመስላቸዋል። መጽሐፉም ላይ አለ፤ እኔ ግን የተማርኩት አርብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፣ በአባቴ የእጅ ሥራ።

አባቴ መሪጌታ ፈንታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ሰው ነበሩ። ዜማውንም ቅኔውንም የዘለቁ ሆነው ሳለ ልባቸው የነበረው ድጉሰት ላይ ነው፤ የብራና መጽሐፍ ይጠርዛሉ፣ ገበታውን ቆዳ ያለብሳሉ፣ በመጨረሻም መጽሐፉ ገብቶ የሚያድርበትን፣ ማንገቻ ያለውን የቆዳ ማኅደር ይሰፋሉ። ጽሕፈት ያለበት ነገር ራቁቱን ሲቀመጥ ማየት አይሆንላቸውም፤ ሰው ቤት ገብተው ዳዊት መደብ ላይ ተጥሎ ካዩ የቀረበላቸው ጠላ አይወርድላቸውም ነበር። ግቢያችን ውስጥ ሁልጊዜ የተወጠረ ቆዳ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ከእኛ ከልጆቹ ቀድሞ ቤት የሚገባው እሱ ነው። እናቴ «እኔም መጽሐፍ ሆኜ ብፈጠር ኖሮ ይሄኔ ስንት ልብስ በኖረኝ» እያለች ትተርባቸዋለች፤ እሳቸው ሳቃቸውን ጺማቸው ውስጥ ደብቀው መስፋታቸውን ይቀጥላሉ።

እኔ ከፍ ስል ግን የታተመው መጽሐፍ በዛ። የፕላስቲክ ልባስ ያለው ዳዊት ከገበያ ይገዛል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ማኅደር አይጠይቅም። ማኅደር የሚያሰፋው ሰው እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ አንድ ዓመት ጨርሶ ሳይመጣ ቀረ፤ የቆዳ መወጠሪያው እንጨትም ግድግዳ ተደግፎ ሸረሪት አደራበት። አባዬ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አፍ አውጥተው አላማረሩም። ወስፌዎቻቸውን ብቻ እንዳይዝጉ ቅቤ እየቀቡ፣ ነገ ሥራ እንደሚጠብቀው ሰው፣ በቅርጫታቸው ይደረድራሉ። እሱን ማየት በልጅነቴም ያሳዝነኝ ነበር።

ኮምፒውተሮቹ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት አርብ ገበያ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ በምማርበት ጊዜ ነው። በመጡበት ቀን የምንነካካቸው መስሎን ነበር፤ ቲቸር አንተነህ ግን፣ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣው ቀጭንና ዝምተኛው መምህራችን፣ ካርቶኑን እንኳ አላስነካንም። መጀመሪያ የክፍሉን ወለል አስለሰነ፤ ጠረጴዛዎቹን ከግድግዳው ፈቀቅ አደረገ፤ ገመዱን እግር እንዳይረግጠው ጥግ ጥጉን አስኬደ፤ ከዚያም ከክፍሉ ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍሮ ረጅም ብረት ከጨውና ከከሰል ጋር ቀበረና የመሬት መስመር አወጣ። «የተሳሳተ ኤሌክትሪክ ወደ አፈር ይግባ እንጂ ወደ ልጅ እጅ አይግባ» ይል ነበር። ጉድጓዱ በበጋ እንዳይደርቅ ዘበኛው ውኃ እንዲያጠጣው ታዘዘ። ከገበያ የሚመለስ ገበሬ ቆም ብሎ «ምን ዘርታችሁ ነው?» ሲለው ዘበኛው ኮስተር ብሎ «ብረት» ይላል፤ ገበሬውም ራሱን እየነቀነቀ አህያውን ይነዳል።

በመጨረሻ ስንገባ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ እጃችንን ታጥበንና አድርቀን ነበር፤ ድምፃችንም ቤተ ክርስቲያን የገባን ያህል ዝቅ አለ። አቧራው ግን አልተቻለም። አርብ አርብ ያ ሁሉ አህያና ከብት ሲያልፍ የሚያስነሳው አቧራ በመስኮቱ ሽንቁር እየገባ ማሽኖቹን ያለብሳቸዋል። አይጥም አላስቀመጠችን፤ ሲፒዩ የምንለውን አንዱን ሳጥን ስንከፍት ሽቦ መሀል ጎጆ ሠርታ ወልዳ አገኘናት።

አባዬ አርብ ለገበያ ሲመጡ በሶና ድርቆሽ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ አንድ አርብ ታዲያ «ይህን የምታወሪውን ቤት ካላየሁ አልሄድም» አሉ። ጫማቸውን ማንም ሳይነግራቸው በር ላይ አወለቁ። ቲቸር አንተነህ ስማቸውን ጽፎ አሳያቸው፣ አጠፋው፣ ከተቀመጠበት መልሶ አወጣላቸው። አባዬ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን ዙሪያውን አዩት። ከዚያ በሳጥኑ ላይ የተኛውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «የኔ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጽሕፈት በሆዱ ይዞ እንዴት ራቁቱን ያድራል?» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ርእሰ መምህሩም ወደዱት፤ ፈተና ለሚጻፍበት ማሽን አንድ ማኅደር ይሠራና ይታይ፣ ከተስማማው ለሁሉም ይሠራል ተባለ። ያን ዕለት አባዬ ወደ ቤት ሲመለሱ ከአህያቸው ቀድመው ነበር የሚሄዱት። ሙያው ከሳቸው ጋር መቃብር የሚወርድ መስሏቸው ኖሮ፣ አሁን ልብስ የሚፈልግ አዲስ መጽሐፍ ተወልዶላቸዋል። ለራሳቸው ዳዊት ብለው ያስቀመጡትን የፍየል ቆዳ ለዚህ አወጡት፤ ሳጥኑን በለኩበት ጠፍር ልክ ቆረጡት፤ ፊቱ ላይ በጋለ ብረት የሐረግ ጌጥ አተሙበት። ለፋሲካ ቤት ስገባ ሲሰፉ አገኘኋቸው፤ እያንጎራጎሩ ነበር፤ እናቴም በጓዳው በር አንገቷን አስግጋ ታያቸዋለች።

ሲያመጡት ሁላችንም ከበብነው። ከላይ ወደ ታች ይጠለቃል፤ ለገመዱ ታች በኩል ጠባብ ቀዳዳ አለው፤ ከሥር በጠፍር ይቋጠራል። ቲቸር አንተነህ ዞር ብሎ ጀርባውን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«መሪጌታ፣ በጣም አምሮልዎታል። ግን እዚህ ጋ ማራገቢያ አለው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዚህ ነው። ትንሽ ቢከፈትለት…»

«ጀርባው የተቦደሰ ማኅደር አይቼም ሰፍቼም አላውቅ። ደሞስ በዚያ ቀዳዳ አይጧ ትገባ የለም?»

ከአባቱ እኩያ፣ ያውም ከመሪጌታ ጋር፣ ሰው ፊት መከራከር አገሩ ያሳደገው ልጅ የሚችለው አልነበረም። «እንግዲያው ሲጠፋ ብቻ እናለብሰዋለን፤ ሳናወልቅ አናበራውም» አለ ቲቸር አንተነህ፤ በዚሁ ተስማሙ። ለጥቂት ጊዜም ያማረ ነገር ሆነ። አቧራም አይጥም ያንን ማሽን ተዉት። አባዬ አርብ አርብ ጎራ ይሉና ቋጠሮውን ጠበቅ አድርገው፣ እንደ ልጅ ጀርባ መታ መታ አድርገውት ይሄዳሉ።

የዓመቱ ፈተና ሲቃረብ፣ ገበያው ተበትኖ ዝናብ በያዘበት አንድ አርብ ከሰዓት፣ ቲቸር አንተነህ እየጻፈ ሳለ መብራት ጠፋ። ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣም። ማሽኑ ጸጥ ብሏል፣ ስክሪኑ ጠቁሯል፤ ማኅደሩን አለበሰው፣ ቋጠረው፣ በሩን ቆልፎ ሄደ። ገመዱን ከሶኬቱ አልነቀለም። መብራት የጠፋበት ማሽንና ሰው ያጠፋው ማሽን አንድ አይደሉም፤ ያ ማሽን መብራት ሲመለስ በራሱ የሚነሳ ዓይነት ነበር። ሰው በሌለበት መብራቱ መጣ፤ ማሽኑም ቆዳው ውስጥ እንደታፈነ ተነሳ።

ሰኞ በሩ ሲከፈት ያገኘን ሽታ ነው ይኸው መናኸሪያ ድረስ የመጣው። የማኅደሩ ጀርባ ጠቁሮ ተኮራምቷል፣ ሳጥኑ ሞቷል፣ የዓመቱ ፈተናና የቲቸር አንተነህ ሥራ ሁሉ አብሮት ሄዷል። ፊውዙ ቀድሞ ባይበጠስ ኖሮ ክፍሉም በነደደ።

አባዬ በሚቀጥለው አርብ መጥተው ሰሙ። ቲቸር አንተነህ አንገቱን ደፍቶ «ጥፋቱ የኔ ነው መሪጌታ፣ መንቀል ነበረብኝ» አላቸው። እሳቸው ማኅደሩን አንስተው አሸተቱት፤ የተኮራመተውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ።

«አይደለም ልጄ፤ አንተማ ነግረኸኝ ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ሳለብስ የኖርኩት የማይተነፍስ ነገር ነው። ይህን አፈንኩት።»

ብብታቸው ሥር አድርገው ይዘውት ሄዱ። ለሌሎቹ ማሽኖች ማኅደር ስለመሥራት ከዚያ በኋላ ማንም አንስቶ አያውቅም። ለክረምት ቤት ስገባ የወስፌው ቅርጫት ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ቅቤ የሚቀባቸውም አልነበረም። እናቴ የልብሷን ተረብ ብታነሳባቸው ሳቅ አላሉም። አባቴን ተሰብረው ያየኋቸው ያን ክረምት ነው። ትምህርት ሲከፈት ወደ አርብ ገበያ ተመለስኩ።

የዚያን ዓመት መጨረሻ ላይ የሆነች አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ እስከ ዛሬ ምንም ሳትመስለኝ የኖረች። አባዬ አርብ ዕለት በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ገበያ ያወጡት ዕቃ መሰለኝ። በሶዬን ካስረከቡኝ በኋላ «መምህርሽ አለ?» አሉኝ።

«ቲቸር አንተነህማ ወደ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ተዛወረ፣ አባዬ። ደግሞ አዲስ ኮምፒውተሮች መጥተውልናል፤ እያንዳንዱ ከነልብሱ ነው የመጣው፣ ናይለን ነው፣ ልክክ ይላል!»

ደስ ብሎኝ ነበር የነገርኳቸው። ትምህርት ቤቱ ድረስ ወስጄ በክፍሉ መስኮት በኩል አሳየኋቸው፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ውስጥ አዩ። «እሰየው» አሉ፤ «እሰየው፣ ልብስ ካገኙ።» ከዚያ ጥቅሉን እንደያዙ ወደ ቤተ ልሔም መንገድ ጀመሩ።

ከመናኸሪያው ወደ ሥራ ክፍሌ ገብቼ ሲባጎውን ፈታሁ። የፊቱ ሐረግ እንዳለ ነው። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው የተቃጠለው ቆዳ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በቦታው መስኮት ተከፍቷል፤ መስኮቱም በቀጫጭን ጠፍር እንደ ወንፊት ተሸምኗል፣ አየር የሚያሳልፍ፣ አይጥ የማያሳልፍ። አየር የሚገባበት የፊቱ ታችም እንዲሁ። ከመቋጠሪያው አጠገብ ደግሞ ድሮ ያልነበረች ትንሽ ኪስ ተሰፍታለች። ምን እንደሆነች ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። የገመዱ ራስ ከሶኬት ተነቅሎ የሚገባባት ናት፤ ጠፍሩ በሷ ላይ ስለሚያልፍ ኪሷ ካልሞላች ማኅደሩ አይቋጠርም። የራሳቸውንም የቲቸር አንተነህንም ስሕተት፣ አንዱንም ሳይረሱ፣ ሰፍተውበታል።

ይትባረክ ጋ ደወልኩ። «አንቺ አርብ ገበያ እያለሽ» አለኝ፣ «በጋውን ሙሉ ሲሰፉት ነበር። ለሷ እንዳትነግር፣ ስወስደው ታየዋለች ይሉኝ ነበር። አንድ አርብ ይዘውት ሄዱ፤ ይዘውት ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ወስፌ አልነኩም።»

ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ። «አባዬ፣ ምንድነው የያዙት?» ብላቸው ኖሮ ይፈቱልኝ ነበር፤ በዚያ አሮጌ ነጠላ ላይ ዘርግተው፣ መስኮቱን በጣታቸው እያሳዩ፣ አይጧ እንዴት እንደማትገባ ይነግሩኝ ነበር። ያ ስብራታቸው በእጃቸው ሥራ ድኖ ነበር። ማንም ሳያየው ቀረ።

ከክፍሉ ጥግ፣ ለማስተማሪያ ካስቀመጥናቸው አሮጌ ሳጥኖች የዚያን ዘመን የሆነውን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። ማኅደሩን አለበስኩት፤ ልክክ አለ። አበራሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። መዳፌን ወደ ጠፍሩ መስኮት ሳስጠጋ ሞቃቱ አየር ሳይታገድ መጣ፤ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። «አባዬ፣ ይተነፍሳል» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

ብዙ ከቆየሁ በኋላ አጠፋሁት፤ ገመዱን ነቀልኩ፤ ራሱን በትንሿ ኪስ ከትቼ ጠፍሩን ቋጠርኩ።