በራሳችን ጉልበት

እኔ ድሮም ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልበትም። እናቴ «ይቺ ልጅ ጉንዳን እንደወረራት ነው የምትቁነጠነጥ» ትል ነበር። እግዜር ሲያሾፍብኝ ታዲያ እንጀራዬን ሥራው መጠበቅ ብቻ የሆነ ቤት ውስጥ ጣለው፤ በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ የወረዳው ገንዘብ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ወረዳው አውራጃውን ይጠብቃል፣ አውራጃው ጎንደርን፣ ጎንደር አዲስ አበባን።

ግብሩ የሚሰበሰበው እኛው ዘንድ ነው። የፎገራ ገበሬ ጤፉንና ጓያውን ሸጦ በረንዳችን ላይ ተሰልፎ ይከፍላል፤ ብሩ በብረት ሣጥን ተቆልፎ፣ በፖሊስ ታጅቦ ይሄዳል። አንድ የይፋግ ሽማግሌ ሣጥኑ መኪና ላይ ሲጫን አይተው፣ ይኸ ብር ወዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ላይ ሄዶ በጀት ሆኖ ይመለሳል አልኳቸው። እዚሁ ቢቀመጥ ምን አለበት፣ መንገድ ላይ ይከሳል እኮ አሉኝ። እኔም ሳቅሁ።

ታላቅ እህቴ ቁሐር ሚካኤል መንደር ነው ያገባችው። ባሏ የገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር፤ ደግ፣ ሠራተኛ፣ ግን ሙገሳ የሚወድ ሰው። መንደራቸውንና የወረታን መንገድ የሚለየው አንድ ጅረት ነው። በበጋ ጉልበት አይደርስም። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲሆን ግን ዳሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። በአንዱ ክረምት እህቴን ምጥ ያዛት፤ ወደ ጤና ጣቢያ እናምጣት ቢሉ ጅረቱ አላሳልፍ አለ፣ ልጁም ሞቶ ተወለደ። በዓመቱ ኅዳር ላይ እንደገና አረገዘች። መውለጃዋን ብናሰላው ተመልሶ ክረምት ላይ ወደቀ።

ጅረቱ ላይ እንዲሠራ የተጠየቀው ድልድይ በወረዳው የበጀት ጥያቄ ውስጥ ገብቶ ነበር። በታይፕ የመታሁት እኔው ነኝ። አውራጃውን አለፈ ተባለ፣ ጎንደር ደረሰ ተባለ፣ ከዚያ ዝም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ኃላፊያችን ሰከን ያሉ ሰው ነበሩና፣ ልጄ ተቀመጪ፣ ስልክ ድልድይ ተሸክሞ አይመጣም ይሉኛል።

የቁሐር ሰው ግን እንደ እኔው መጠበቅ አቃተው። ሚያዝያ ላይ በደቦ ወጥተው ባሕር ዛፍ ቆረጡ፣ በጠፍር አስረው፣ አፈር ደልድለው ጅረቱ ላይ ዘረጉት። የበጋ መሸጋገሪያ እንጂ ድልድይ እንዳልሆነ እነሱም ያውቃሉ፤ በጀቱ እስኪመጣ ይቆየን ብለው ነው።

ግንቦት ላይ ከአውራጃም ከጎንደርም ጓዶች መጡና ወረታ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ሆነ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሊቀ መንበሮቹ በየተራ እየተነሡ ማኅበራቸው የሠራውን ይናገራሉ። የእህቴ ባል ተራው ሲደርስ ጋቢውን አስተካክሎ ቆመ።

«ጓዶች፣ እኛ የመንግሥትን እጅ አልጠበቅንም። ድልድያችንን በራሳችን ጉልበት ሠርተን ጨርሰናል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ላይ ያለ ሰው «ጨርሰናል» የሚል ቃል ከሰማ ወዲያ ሌላ ነገር እንደማይሰማ በሥራዬ አይቼዋለሁ። ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ጠብቄ፣ ምን ነካህ፣ አንድ ክረምት እንኳ የማይችል እንጨት ነው ለምን አላልክም ብዬ ተቆጣሁት። ሰው ሠርቶ አልሠራሁም ይላል ወይ፣ ነውር አይደለም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፤ በአገራችን ነውር ነው።

የፈሩት ይደርሳል። ሐምሌ መባቻ ላይ የአዲሱ ዓመት በጀት ሲመጣ ድልድዩ የለበትም። ኃላፊያችን ጎንደር ደወሉ። ሥራው በሕዝብ ተሳትፎ ስላለቀ ገንዘቡ ምንም ላልሠራ ወረዳ ተዛውሯል ተባሉ። ላልሠራ! በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። በማግሥቱ ቁሐር ሄጄ ለእህቴ፣ ተነሺና እኔ ዘንድ ክረሚ፣ ውሃው ሳይሞላ እንሂድ አልኳት። ባሏ የተባለውን ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እሷ ግን ወይ ፍንክች። ባሌ የሠራውን እኔ ካላመንኩት ማን ያምነዋል አለችኝ። ብቻዬን ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሥራ አልይዝ አለኝ። አንድ ጠዋት ገበያ ላይ አንድ በዋና የተሻገረ የቁሐር ሰው አገኘሁና፣ እንጨቱ ተጠርጎ ሄዷል፣ እህትሽም ምጥ ላይ ናት አለኝ። የገዛሁትን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

ጅረቱ ዳር ስደርስ ከማዶ በቃሬዛ ይዘዋት መጥተዋል። የሚያሻግር ነገር የለም። ወንዶቹ አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ ገቡና በሁለት ረድፍ ቆሙ፤ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብሉት ጀመር። ባሏ መካከል ላይ ነበር፣ ውሃው አገጩ ሥር ደርሶ። እኔ መቆም አቅቶኝ «ሚካኤል፣ ሚካኤል» እያልኩ ዳር ለዳር እመላለሳለሁ። እህቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርታ አየኋት።

ተሻገረች። ጤና ጣቢያ እንደደረሰች ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ከነጭቃው በሩ ላይ ተቀምጦ የልጅቷን ለቅሶ ሲሰማ እሱም አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ቀና ብሎ አየኝ።

«እቴ፣ እንግዲህ ይኸንንም ጻፊው። በራሳችን ጉልበት ተሻገርን በይ።»

«አልጽፍም» አልኩት። «ከሰሙማ ጤና ጣቢያውንም ይወስዱታል።»

በሚቀጥለው ግንቦት ያው ስብሰባ፣ ያው አዳራሽ፤ እኔም ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። የቁሐር ሰዎች በዚያው ሰሞን አዲስ እንጨት ዘርግተው ነበር። የእህቴ ባል ተራው ሲደርስ ተነሣ።

«እኛ ምንም አልሠራንም» አለ።

ከኋላው የተቀመጡት የቁሐር ሰዎች መሬት መሬት ያያሉ። የሚያጨበጭብ የለም። ድምፁ ሲሰበር ሰማሁ፤ ያን ኩሩ ሰው እንዲያ ሆኖ ከማየት አለማየት ይሻለኝ ነበር። እንዳለው አድርጌ ጻፍኩት።

የድልድዩ በጀት በዚያ ዓመት ተፈቀደ።