መድኃኒት የሚቆጥብ ልብስ ሰፊ

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ «ነገ ና» እያለ ነው የሚጠራው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በቀጠሮው ቀን ያስረከበው ሱሪ የለምና። ቁራጭ ጨርቅ ደግሞ አይጥልም። አልጋው ሥር ቁራጭ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ቁራጭ፤ ቤቱ መተንፈሻ አጣ። «ይቀመጥ፣ ለክፉ ቀን ይሆናል» ይለኛል።

የአንጀት ካንሰሩ ጉበቱ ላይ መድረሱ የታወቀ ዕለት ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችን። በሽታው ባይድንም ዕድሜ የሚያረዝሙ ሦስት ዓይነት ሕክምናዎች አሉ፤ በአንደኛው እንጀምራለን፣ እሱ አልሠራ ካለ ወይም ከከበደ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው እናልፋለን። እኔ ይህን ሰማሁ። ባለቤቴ የሰማው «ሦስት» የሚለውን ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ሕክምና ስምንተኛ ዙር በኋላ የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ አንገትጌ ላይ ደም አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል፣ ይታጠባል።»

«ስለ ሸሚዙ ማን ጠየቀህ? መርፌ ሲወጋህ አይሰማህም?»

ሳፋጥጠው እውነቱ ወጣ። ጣቶቹ በመድኃኒቱ ምክንያት ከደነዘዙ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ነርሷ በየቀጠሮው ስለ መደንዘዝ ስትጠይቀው «ኧረ ደህና ነኝ» ይል ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ጅሏም አመንኩት።

«ብናገር ወደ ሁለተኛው ያዞሩኛል፤ ከሦስቱ አንዱ አለቀ ማለት ነው» አለኝ። «ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው።»

መድኃኒት እንደ ጨርቅ ይቆጠባል? ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ የጉበቱን የምርመራ ፎቶ አየች፤ ዕጢው አንሷል። ከዚያ ዓይኑን አስጨፍና ጣቶቹን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካካች። የትኛው እንደተነካ አላወቀም።

«ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ከመድኃኒቶቹ የሚያደነዝዘውን ብቻ አቁሜ የቀረውን እቀጥል ነበር» አለችው። «የቆመውንም በኋላ ልንመለስበት እንችል ነበር።»

«ጣቶቼስ?»

«ሊሻላቸው ይችላል። ግን ብዙ ቆይተዋል፤ ቃል አልገባልዎትም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቱ ቀድሜ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፤ ከንዴቱ በላይ ደግሞ ፈርቼ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ስገባ ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ይታገላል። በምራቁ ያረጥበዋል፣ ይስታል፣ እንደገና ይሞክራል። በመጨረሻ መርፌውን ዘረጋልኝ።

«አስገቢልኝ» አለ።

በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እርጂኝ ብሎኝ አያውቅም።

«ይህቺን ከሁለት ወር በፊት ብትናገራት ምን ነበረበት!» ብዬ ጮህኩበት። እያለቀስኩ ስለነበር ክሩን እኔም ሳትኩት።