ወደ ሐኪም ቤቱ ስንወርድ

የእኛ አገር ሰው ቆላውን ያርሰዋል እንጂ አያድርበትም ነበር። ማሽላችን ታች፣ ሮቢ ወንዝ ዳር ነው፤ ቤታችን ግን ላይ፣ ነፋስ የሚመታው ጉብታ ላይ። ወንዶቹ ጠዋት በሬያቸውን እየነዱ ይወርዳሉ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይወጣሉ። የመግሪብ ሰላት ታች የደረሰበት ሰው ካለ በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ጤናውን ይጠይቀዋል። ንዳድ፣ የቆላው ወባ፣ ከጨለማ ጋር እንደሚመጣ ሐኪም አልነገረንም። ከቀበርናቸው ሰዎች ነው ያወቅነው።

ጣሊያን ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን መንገድ ሲሠራ ከወንዙ ማዶ ሐኪም ቤት አቆመ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነበር። ጠላት ሠራው ብዬ አላጣጥለውም፤ ያምር ነበር። ሆኖም ከመንገድ ሠራተኞች በቀር የሚታከም ጠፋ፤ ሰው ያለው ላይ ነዋ። እንግዲህ ጤነኛ ሐሳብ ቢኖር ሐኪሙን ሰው ወዳለበት መላክ ነበር። እነሱ ግን ሰውን ወደ ሐኪም ቤቱ ማውረድ ቀለላቸው። አንድ ቀን የእነሱ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ጉብታው ላይ ወጥቶ አስታወቀ፤ ወርዶ ቤት የሠራ በነጻ ይታከማል፣ ላይ የቀረ ደጁን አይረግጥም፣ አንዴ የወረደም ያለ ፈቃድ ተመልሶ አይወጣም።

እናቴ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ የሞተ ልጅ ወልዳለች፤ በሁለተኛው ራሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። አባቴ ሦስተኛውን ፈራ። እሱ የፈለገው ከሐኪም ደጅ እንድትወልድ ብቻ ነበር፤ ለዚህም ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ለመውረድ ተነሣ። እናቱ፣ አያቴ፣ አልወርድም አለች።

«አንተ ልጅ፣ ለመታከም ብሎ በሽታው ካለበት የሚያድር ሰው የት አይተሃል?»

«እማ፣ መድኃኒቱ እዚያ ነው። አላህ ያውቃል፣ ለሷ ብዬ ነው።»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

መስከረም ሲያልቅ ወረድን። ዝናቡ አቁሞ ውሃው በየጉድጓዱ የተኛበት፣ ትንኝ የሚፈላበት ጊዜ ነበር። አባቴ ጎጆውን ከወንዙ ወዲህ፣ ከአረንጓዴው በር ፊት ለፊት ቀለሰ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ ቆማ በሩን ታየውና ደስ ይላታል። «ብጮህ ይሰሙኛል» ትለኝ ነበር። ከእኛ በኋላ ጥቂት ቤቶች ወረዱ፤ የቀረው ሰው የእኛን መጨረሻ ሊያይ እዚያው ጉብታው ላይ ቆየ።

ማሽላው ሳይታጨድ እናቴም እኔም በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደቅን። አባቴ እኔን በጀርባው አዝሎ እሷን በክንዱ ደግፎ አሻገረን። ከፊታችን የመንገድ ሠራተኞች ተደርድረዋል፤ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚንቀጠቀጡ የደጋ ሰዎች። ተራችን ሲደርስ አስተርጓሚው አባቴን ቀና ብሎም አላየውም።

«ኪኒኑ አንሷል። ሠራተኛ ይቀድማል። ለናንተ ለአንድ ቤት የአንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

አባቴ እኔን ያያል፣ ወደ እሷ ይዞራል፣ ከእሷ ወደ ሆዷ።

«የኔ ለክፉ አይሰጥም፣ ድካም ነው» አለች እናቴ። «ልጅቷን ስጧት።» ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። አባቴ ይህን እያየ አልተቃወማትም፤ እኔም መራራውን ኪኒን ዋጥሁ።

እኔ ዳንሁ። እሷ ግን ጽንሱ ወረደባትና በማግስቱ ሞተች። ጮኻ ነበር፣ ሰምተዋትም ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ እየሮጠ መጥቷል፤ በእጁ ግን ምንም አልያዘም። በእሱ አልፈርድም። ሰውን ከነልጁ ንዳድ አፍ ውስጥ አስቀምጦ መድኃኒት የቆጠበውን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልሁም።

ጀናዛዋ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ትልቅ ሹም ከአዲስ አበባ ሊጎበኝ መጣ። አንሶላው ታጥቦ ተሰጣ፣ ደጁ ተጠረገ። አስተርጓሚው እጄን ይዞ ከበሩ ፊት አቆመኝ፤ የዳነችው ልጅ እኔ ነበርሁና። አባቴንም አጠገቤ አቆሙት። ፎቶግራፍ ተነሣን። ከዚያ ሹሙ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ይጎድልሃል ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«ጌታዬ፣ ሚስቴን እዚህ ቀበርሁ። ወገኖቼ ያሉት ላይ ነው፤ እናቴም እዚያው ናት። ይቺን ልጅ ይዤ ወደነሱ እንድወጣ ይፍቀዱልኝ።»

አስተርጓሚው ዞሮ አወራለት፤ ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። የሹሙ ፊት በራ፤ የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። አባቴ የተፈቀደለት መስሎት እጅ ነሣ።

«በጣም ተደስተዋል» አለ አስተርጓሚው። «ከወገኖችህ መለየትህ ካሳዘነህ፣ እነሱም እንዲወርዱልህ አዘዋል።»

በሦስተኛው ቀን ወታደሮች ወደ ጉብታው ወጡ። አያቴን በአህያ ጭነው አወረዷትና ደጃችን ላይ አስቀመጧት። አባቴ ድምጿን ቢሰማም ሊቀበላት አልወጣም፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ውስጥ ቀረ። እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሱን አልፋ የት እንደምትተኛ ብቻ ጠየቀችኝ።