የወይዘሮ ጌታነሽ ዛጎልማ ዶሮዎች

ወይዘሮ ጌታነሽ ከሞላሌ ገበያ በላይ ባለው መንደር ዶሮ ሲያረቡ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር። የሚያረቡት ዛጎልማ ብቻ ነው፤ በነጭ ላባው ላይ ጥቁር ነጥብ የተነሰነሰበትን። ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ ነጥቡ የተደበላለቀውን ለገበያ ይለያሉ፤ የጠራውን ለዘር ያስቀራሉ። አውራ ዶሮ ለእርድ ይሸጣሉ እንጂ ለዘር የተያዘ ቄብ ዶሮም ሆነ የሚታቀፍ እንቁላል ከግቢያቸው አይወጣም። የግብርና ሠራተኞች የፈረንጅ ዶሮ ሲያድሉ እንኳ «ቀለሜን ያጠፋብኛል» ብለው አልተቀበሉም።

በ1995 ዓ.ም. ሁዳዴ በገባ ሳምንት ሸለምጥማጥ የዶሮ ቤቱን ሰብሮ ገባና አንድም አላስተረፈም። የቀረው ጾም ስለሆነ ያልተበላ፣ ገለባ ውስጥ የተቀመጠ አስራ ሁለት እንቁላል ነበር። የምታቅፍ ዶሮ ግን የለችም። አንዲት ደህና ታቃፊ የነበረቻቸው አበልጃቸው ወይዘሮ አዛለች ናቸው፤ የአዛለችን ልጅ እየሩስን ክርስትና ያነሱት ጌታነሽ ነበሩ።

ዶሮዋ አዲስ ብትጥል እንዳይቀላቀል፣ አገሬው እንደሚያደርገው በየእንቁላሉ ላይ በከሰል መስቀል አድርገው ወሰዱላቸው።

«አበልጄ፣ የቀረኝ ይኸው ነው።»

«ምን ይሆናል ብለው ነው! ዶሮዋ ከለገመች እኔው እታቀፈዋለሁ» ብለው አዛለች አሳቋቸው።

በሃያ አንደኛው ቀን ስምንት ጫጩት ተፈለፈለ። ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ ነው።

«እስቲ ቅርፊቱን ያሳዩኝ» አሉ ጌታነሽ። መስቀሉ አለ። ከሰል ከማንም ምድጃ እንደማይጠፋ ያን ጊዜ አላሰቡም።

«ቀለም የሚሰጥ እግዜር ነው፤ ደግሞስ ዶሮ ከማን ጋር እንደዋለች ማን ይከተላታል?» አሉ አዛለች።

አምነው ተመለሱ። ዓመቱን ሙሉ ጥፋቱን ከራሳቸው ፈለጉ፤ የጎረቤት አውራ ዶሮ አጥሬን ዘሎ ይሆናል እያሉ።

በዓመቱ ከፋሲካ በኋላ፣ ራቤል ከተማ የተዳረችውን እየሩስን ሊጠይቁ በመሐል ሜዳ በኩል በመኪና ሄዱ። ግቢው ውስጥ አንዲት ዛጎልማ ዶሮ ጫጩቶቿን ይዛ ትጭራለች። ነጥቧ የጠራ ነው።

«አወቋት?» አለች እየሩስ እየሳቀች። «ለሰርጌ ከላኩልኝ ጫጩቶች እኮ ናት! እማዬ ‹የክርስትና እናትሽ ስጦታ ነው› ብላ ስታመጣልኝ ደስታዬን አይጠይቁኝ።»

ጌታነሽ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ስንት ነበሩ?»

«ሰባት። አምስቱን ፈንግል ፈጃቸው። አውራውን ለገና አረድነው።»

«ታዲያ ይህቺ ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

እየሩስ ወደ አጥሩ አመለከተች። ትልቅ ነጭ የፈረንጅ አውራ ዶሮ ቆሟል። ዶሮዋን የሚከተሉት ጫጩቶች ላባ አውጥተዋል፤ አንዳቸውም ላይ ነጥብ የለም።

«ምነው፣ አላማሩም?»

«እኔ አልላክሁልሽም። እናትሽ እንቁላሌን ለውጣብኝ ነው።»

እየሩስ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ፊታቸውን አየችና ተወች። «እንግዲያው ይውሰዷት፣ የክርስትና እናቴ። አሁኑኑ ልያዝልዎት።»

«ዛጎልማ አውራ በሌለበት ከማን ጋር ላውላት?»

መሶቡ ተከፍቶ ቀርቧል። ጌታነሽ አንድ ጉርሻ ሳይቆርሱ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መኪናው መንገድ ወጡ።