የአፕግሬድ ክፍያና ይሉኝታ

ዛሬ ሰፈራችን ሴንቴኒያል ሂልስ ከሚገኝ ስልክ ቤት ሸሽቼ መኪናዬ ውስጥ ተደበቅሁ!

አዲስ ስልክ ልገዛ ስገባ ሻጩ ዳዊት ሆኖ ተገኘ፤ ቸርች አብረን ኳየር የምንዘምረው። "እህቴ፣ አፕግሬድ ፊ፣ ማለት የስልክ መቀየሪያ ክፍያም አለው" ሲለኝ፣ በኦንላይን ከታዘዘ እንደማይከፈል እያወቅሁ እንዴት ብዬ ልንገረው? ከሽያጩ የሚያገኘውን ኮሚሽን ላስቀርበት?

"ዋሌቴን መኪና ውስጥ ረሳሁ" ብዬ ወጣሁ። (ዋሌቴ ያለበት ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ነበር።)

እዚያው ፓርኪንግ ሆኜ ያንኑ ስልክ በኦንላይን አዘዝኩ። ለካ የሚሰጡት ከዚያው ሱቅ ነው፤ በኮሮና ምክንያት ደግሞ መኪና ድረስ ያመጣሉ። ልሂድ ልቆይ ስል፣ ማን ይዞት ቢመጣ ጥሩ ነው? ዳዊት!

ማስኬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። እሱ ግን ስልኩን በመስኮት አቀበለኝና "እኔም ለእናቴ በኦንላይን ነው ያዘዝኩላት" አለኝ።

እሁድ አጠገቤ ቆሞ ነው የሚዘምረው፤ ኀፍረቱ ከአሁኑ አላስቀምጥ ብሎኛል። እናንተንስ ይሉኝታ የት አስደበቃችሁ?